እል ብላ የቀረችው

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። በዚህ ፖድካስት ባለፈው የጀመርኩትን የቤት ኪራይ ነገር እጨርሳለሁ ብዬ ነበር፣ ይቅርታ፣ አልሆነልኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት የ40 ሰከንድ ቪዲዮ ይዤ ነው የከረምኩት። እያየኋት እንኳን አይደለም። ሄድፎን አድርጌ እሰማታለሁ።

እማዬ ወደ ባህር ዳር ሳትመለስ በፊት ኮኒግስዜ፣ እዚህ ጀርመን ያለው ሐይቅ፣ ሄደናል ብያችሁ ነበር አይደል? አዎ፣ ሰማያዊዋ ፔርሙዟም አብራን ነበረች። ፍልሰታ ነው። ከሙኒክ በባቡር፣ ፍራይላሲንግ ላይ ቀይረን፣ በርሽቴስጋደን፣ ከዚያ አውቶቡስ። እማዬ መንገዱን ሙሉ ከመስኮቱ አልተነሳችም።

ሐይቁ ቀጭን ነው። ግራና ቀኙ ገደል። ድሮ የበረዶ ግግር ቦርቡሮት የሄደ ሸለቆ ነው፣ ውሃ የሞላው። እማዬ ገና እንዳየችው፣ "ይቺ ወንዝ አይደለችም እንዴ?" አለችኝ። ጣና ዳር ያደገች ሴት ናት፤ ማዶው የሚታይ ውሃ ሐይቅ አይመስላትም። ጥልቀቱን ስነግራት ግን ዝም አለች። 190 ሜትር ይደርሳል። ጣና'ኮ በጣም ጠለቀ ቢባል 14፣ 15 ሜትር ነው። ሌላም የገረመኝ ነገር አለ። ተራራ አገር ነው፣ ይበርዳታል ብዬ ጋቢ አስይዣታለሁ። ለካ ኮኒግስዜ ከባህር ጠለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ነው። ጣና 1,800 ነው። ከፍ ያሉት ተራሮቹ ናቸው፣ ቫትስማን ብቻውን 2,713 ሜትር ነው። ውሃው ግን እግራቸው ስር ነው የተኛው። እማዬ ከወይና ደጋ ወደ ቆላ ነው የወረደችው ማለት ነው።

ወደ ጀልባው ልግባ።

ጀልባዎቹ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄዱት። በፈረንጆቹ ከ1909 ጀምሮ እንደዚያ ነው። የሞተር ጩኸት የለም፣ ጭስ የለም። ሰው ራሱ ሳያስበው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። መሃል ላይ፣ አንዱ ቀጥ ያለ ገደል ፊት ሲደርሱ ያቆሙታል። ከሠራተኞቹ አንዱ ተነስቶ በሩን ይከፍትና ጡሩምባ ያወጣል። ድሮ ባሩድ ተኩሰው ነበር አሉ ገደል ማሚቶውን የሚያሰሙት። አሁን በጡሩምባ ነው።

ሰው ሁሉ ስልኩን አነሳ። እኔም አነሳሁ። ሰውየው አጭር ዜማ ነፋና አቆመ።

ገደሉ መለሰ።

ዝም ብሎ መመለስ አይደለም። እያንዳንዷን ድምፅ፣ አንድም ሳያስቀር። ሰውየው ትንሽ ጨመረ። ገደሉም ጨመረ። እማዬ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። በዓይኔ ጠርዝ ነጠላዋን ስታስተካክል አየኋት። ያኔ ማወቅ ነበረብኝ። በጥምቀት መለከት ሲነፋ ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዴት እንደሚያስተካክሉ ልጅ ሆኜ ስንቴ አይቻለሁ።

"እል" አለች።

እኔ ደግሞ፣ "እማዬ፣ ተይ!"

ጉልበቷን ጫን አደረግኩት። በቀስታ ነው፣ ግን ጫን ነው ያደረግኩት። አቆመች። "እሺ" አለች። እጇ ከአፏ ወርዶ ጭኗ ላይ ተመለሰ። እጇ ሲወርድ... ቪዲዮው ላይ የለም፣ ካሜራው ገደሉን ነው የሚያሳየው። እኔ ግን አይቼዋለሁ።

ማንም ዝም በሉ አላለንም። ይሄ ነው የሚቆጨኝ። ማንም አልተቆጣም። ከፊታችን የነበሩት ሴትዮ ዞር ብለው ፈገግ አሉ፤ ለእሷ ይሁን ለእኔ አላውቅም። 11 ዓመት እዚህ ስኖር እሑድ ልብስ ማጠቢያ አላስነሳም፣ ደረጃ ላይ በእግር ጣቴ ነው የምሄደው፣ ስልክ ላይ አልጮህም። ሰው ሳይናገረኝ በፊት ዝም ማለትን ለምጃለሁ። ግን እማዬ መች ለመደች? ለምንስ ትልመድ?

በነገራችን ላይ እዚያው ሐይቅ አጠገብ፣ ኮኒግስባህ ፏፏቴ ላይ ገንዳ የሚመስል ቦታ አለ። ሰው ለፎቶ እየጎረፈ አካባቢውን ረጋግጦ ጨረሰው፣ የሞቱም አሉ። 2021 ላይ ለአምስት ዓመት ዘጉት። እና እያልኩ ያለሁት... እኔም እኮ ለቪዲዮ ብዬ ነው ስልኬን ያነሳሁት። እልልታው ቪዲዮዬን እንዳያበላሽብኝ ይሆን እንዴ ዝም ያስባልኳት? ይሄን እስካሁን ጮክ ብዬ አላልኩትም።

ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንወርድ ደስ ብሏታል። ቀይ ጉልላት ያለው፣ ውሃው ዳር። ጫማዋን አውልቃ መቃኑን ተሳለመች። "የማን ነው?" አለችኝ። በርተሎሜዎስ ነው አልኳት። "የመስከረም አንዱ?" ፊቷ በራ። የእነሱ በዓል ነሐሴ ውስጥ ነው፤ ከኦስትሪያ በኩል ተራራውን አቋርጠው በእግር የሚመጡ ተሳላሚዎች እስከ ዛሬ አሉ። በ1688 የተሳላሚዎች ጀልባ ሰጥሞ 70 ያህል ሰው አልቋል። ይሄን ስነግራት ወደ ውሃው ዞራ አማተበችና ለረጅም ጊዜ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ስማቸውን ለማታውቃቸው፣ ከ300 ዓመት በፊት ለሞቱ ሰዎች። አጠገባችን ዓሣ በጭስ እያበሰሉ ይሸጣሉ፣ ሽታው ልብ ይሰርቃል። እማዬ ጾመኛ ናት። ሰዓቱ ሲደርስ በሶዋን በፔርሙዝ ክዳን በጠበጠች።

እና አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር መሰለኝ። አላውቅም።

ማታ ቤት ገብተን፣ አልጋዋ ላይ ሆና፣ ለራሷ ይመስላል፣ "ዐርገ እግዚአብሔር በይባቤ፣ ወእግዚእነ በቃለ ቀርን" አለች። ይባቤ እልልታ ነው። ቀርን መለከት ነው። እሷ'ኮ ጀልባው ላይ ያደረገችው የምታውቀውን ነው። መለከቱ ተነፋ፣ የቀረው የእሷ ተራ ነበር። እንደሰማኋት አልነገርኳትም። መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ።

ቪዲዮው ላይ 31ኛው ሰከንድ አካባቢ፣ ከእኔ "ተይ" በኋላ፣ ቀጭን ድምፅ አለች። ከገደሉ በኩል የምትመጣ ትመስለኛለች። የእሷ "እል" ናት? የእኔ "ተይ" ነው? ወፍም ሊሆን ይችላል። ይሄን ፖድካስት በማጸዳበት ፕሮግራም ላጸዳው ሞከርኩ። ጀርባ ያለውን ጩኸት ሳጠፋው እሷም አብራ ትጠፋለች። ስመልሰው ትመለሳለች።

ትናንት ደወልኩላት። ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። "ጀርመን አገር ተራራው ቃል ይመልሳል" ብላ እያወራችላቸው ነው። እማዬ፣ ያኔ ጀልባው ላይ ብዬ ጀመርኩ። "እ?" አለች። ደህና ነሽ ወይ ልልሽ ነው አልኳት።

የቪዲዮውን ድምፅ ላሰማችሁ አዘጋጅቼው ነበር፣ እዚሁ ኮምፒውተሬ ላይ ነው። ግን እሷን ሳልጠይቅ... ቆይ፣ አሁን እዚያ ስንት ሰዓት ነው? በአንድ ሰዓት ይቀድሙናል። ቡና እያፈላች ይሆናል።