ዓይናችን ብቻ አይበቃም

እንደምን አረፈዳችሁ። እንኳን ለነርሶች ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

ወረቀት ይዤ ነው የቆምኩት። ቁጥር ስላለበት እንዳይዛባብኝ ብዬ ነው። ግን በቁጥር አልጀምርም፤ በአንዲት እናት ልጀምር።

የዛሬ አስራ ሁለት ዓመት ገደማ ይሆናል። ናይት ነበርኩ። ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ነርሶች ብቻ ነን፣ ምጥ ላይ ያሉት እናቶች ደግሞ አምስት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንዷ ወለደች፤ ወንድ ልጅ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አልናት፣ እንግዴ ልጁ ወጣ፣ ማህፀኗን ዳሰስኩ፣ ከስሯ የተነጠፈውን ጨርቅ አየት አደረግኩና ቻርቷ ላይ "የፈሰሰ ደም 250 ሚሊ" ብዬ ጻፍኩ። ማን ለካው? ማንም አልለካውም። በዓይኔ ገምቼ ነው። ከዚያ የሌላዋ ልጅ ጭንቅላት እየታየ ስለነበር ወደሷ ሮጥኩ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቼ ስመለስ እናትየው ዝም ብላለች። ቅድም ስታወራ የነበረች ሴት ናት፤ ዝምታዋ ነው ያስደነገጠኝ። "በረደኝ ሲስተር" አለችኝ። ብርድ ልብሱን ስገልጠው ደሙ ከወገቧ ስር ተጠራቅሞ፣ የፍራሹን ፕላስቲክ አልፎ፣ ጠብ ጠብ እያለ ወለሉ ላይ ይወርዳል።

ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደም ተገኘላት፣ ተረኛው ሐኪም ቶሎ ደረሰ፣ በአራተኛው ቀን ልጇን ታቅፋ ወጣች። እኔ ግን ያቺን 250 እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። የተማርኩትን ነበር ያደረግኩት። አይቼ ገመትኩ፣ የገመትኩትን ጻፍኩ። እዚህ ከተቀመጣችሁት አዋላጆች መካከል እንደዚያ ያላደረገ አለ? ጨርቅ የመጠጠውን ደም ዓይን ሁሌም ያሳንሰዋል። ብዙ በፈሰሰ ቁጥር ደግሞ ግምታችን ይብስ ያንሳል።

ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን፣ ከወሊድ በኋላ ስለሚፈስ ደም የተሰራውን የኢ-ሞቲቭ ጥናት ሳነብ እንባዬ የመጣው። ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው። ጥናቱ የተሰራው ሩቅ አይደለም፤ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ናይጄሪያና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ በ80 ሆስፒታሎች፣ ከ200 ሺህ በላይ በወለዱ እናቶች ላይ ነው። ምን አደረጉ መሰላችሁ? እናትየው እንደወለደች ከስሯ ፕላስቲክ ያነጥፋሉ፤ ታችኛው ጫፍ እንደ ከረጢት ሆኖ ደሙን ይሰበስባል፣ ከረጢቱ ላይ ደግሞ መስመር ተሰምሮበታል። 500 ሚሊ ላይ ከደረሰ ጥያቄ የለም፣ ሕክምናው ይጀመራል። 300 ላይ ሆኖ ቢፒዋ ወይም ፐልሷ ከተዛባ፣ ወይም ሌላ የሚያሰጋ ምልክት ካለ፣ አሁንም ይጀመራል።

ሁለተኛው ነገር ሕክምናው ራሱ ነው። እኛ የለመድነው በተራ በተራ ነው። መጀመሪያ ማህፀን ማሸት፣ ካልቆመ ማህፀን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን፣ ካልቆመ ሌላ፣ ከዚያ ሐኪም መጥራት። እነሱ ግን ሁሉንም አንድ ላይ አደረጉት። ማህፀኑ ይታሻል፣ ኦክሲቶሲን ይሰጣል፣ ደም እንዲረጋ የሚያግዘው ትራኔክሳሚክ አሲድ ይሰጣል፣ በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ይሰቀላል፣ ደሙ ከየት እንደሚመጣ ይታያል፣ ካልቆመም ወዲያው እርዳታ ይጠራል። የሚጀምሩት ደግሞ አዋላጆቹ ራሳቸው ናቸው። ሐኪሙ እስኪመጣ ቆሞ መጠበቅ የለም።

ውጤቱን ላንብብላችሁ። በተለመደው አሰራር በቀጠሉት ሆስፒታሎች ብዙ ከደሙት እናቶች ውስጥ በጊዜ የታወቀላቸው 51 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ግማሹ ማለት ነው። አዲሱን አሰራር በጀመሩት ሆስፒታሎች 93 በመቶ። ከአንድ ሊትር በላይ የደማች፣ ወይም ደሙን ለማስቆም ሆዷ የተከፈተ፣ ወይም በደም መፍሰስ የሞተች እናት ደግሞ ከ4.3 በመቶ ወደ 1.6 በመቶ ወረደች። በ60 በመቶ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያልተቀየሩት ሆስፒታሎችም ፕላስቲኩ ነበራቸው። መስመር ብቻ ነው ያልነበረበት። እዚያም ደሙ ይጠራቀማል፣ እዚያም አዋላጇ ታየዋለች። ግን "በቃ፣ አሁን ተነሺ" የሚላት ምልክት የለም።

ያቺ ሌሊት እኔም ጋ መስመር ቢኖር ኖሮ እላለሁ።

አሁን ወደ ጨቅላ ሕፃናት ልውሰዳችሁ። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ፣ አንድ ኪሎ ከምናምን የሚመዝን ልጅ ሲመጣ እኛ የተማርነው "መጀመሪያ ይረጋጋ" የሚል ነው። ማሞቂያ ውስጥ ይገባል፣ እናትየው ሌላ ፎቅ ትተኛለች፣ ሲሻለው ደረቷ ላይ እናደርግላታለን። ይሄ ልጅን ደረት ላይ ማቆየት፣ የካንጋሮ እንክብካቤ የምንለው፣ ራሱ አዲስ አይደለም፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ቦጎታ ላይ ከተጀመረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። አዲሱ ጥያቄ "ለምን እስኪረጋጋ እንጠብቃለን?" የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንን በጋና፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በህንድ ባሉ አምስት ሆስፒታሎች አስጠናው። ከ1 ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ ያሉ ከ3 ሺህ በላይ ሕፃናት ናቸው። ግማሾቹ እንደተወለዱ ወዲያው እናታቸው ወይም ሌላ ዘመድ ደረት ላይ ሆኑ፣ በቀን 17 ሰዓት ገደማ። የእናትየው አልጋ ራሱ ጨቅላዎቹ የሚታከሙበት ክፍል ውስጥ ገባ። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት እስኪረጋጉ በተጠበቁት ወገን 15.7 በመቶ፣ ወዲያው ደረት ላይ በሆኑት 12 በመቶ ሆኑ። ሩብ ያህል ቀነሰ። ልዩነቱ ግልጽ ስለነበር ጥናቱን ከታሰበው ቀን በፊት ነው ያቆሙት። 2021 ላይ ነው የታተመው።

በዚያው ዓመት ካንጋሮን በሰፊው ማዳረስ እንዴት እንደሚቻል የሚያሳይ ሌላ ጥናት ከኛው ከኢትዮጵያና ከህንድ ወጥቷል። ስለዚህ "እኛ ሀገር አይሆንም" የምትለዋ ነገር ታብቃ። እኛ እኮ የአራስ ቤት ያለን ሕዝብ ነን። እናትና ልጅን አንድ ላይ ማቆየት ከማንም አልተማርነውም። ሆስፒታል ሲገቡ ግን እኛው በር ላይ እንለያቸዋለን። "እናት፣ ውጭ ጠብቂ" ስንት ጊዜ ብለናል? እኔ ብዙ ጊዜ ብያለሁ።

አንዳንዶቻችሁ "ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው ሲስተር፣ ግን በየትኛው እጃችን?" እያላችሁ ነው። ትክክል ናችሁ። ወደሱ ልምጣ፣ ሥራ አስኪያጃችንም እዚህ አሉ፣ እሳቸውም ይስሙልኝ።

2002 ላይ ሊንዳ ኤይከን የተባለች አሜሪካዊት ነርስና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በፔንሲልቫኒያ 168 ሆስፒታሎችን አጠናች። ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ከ230 ሺህ በላይ ሰዎች መዝገብ ታየ። በአንድ ነርስ እጅ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር፣ ታካሚው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ይጨምር ነበር። አንድ ነርስ ስምንት ታካሚ የምትይዝበት ሆስፒታል አራት ከምትይዝበት ጋር ሲተያይ ልዩነቱ 31 በመቶ ደረሰ። በ2014 ደግሞ ዘጠኝ የአውሮፓ ሀገሮች ላይ ተሰራ፣ ያው 7 በመቶ ወጣ። ያኔ ሌላም ነገር ታየ። በዲግሪ የተማሩ ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ከፍ ባለ ቁጥር የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ይቀንሳል። ቀን እየሰራችሁ ማታ ዲግሪ የምትማሩ ልጆች፣ ድካማችሁ ታካሚው ጋ ይደርሳል።

"ገንዘብ ከየት ይምጣ?" ለሚለው ደግሞ የአውስትራሊያዋን ክዊንስላንድን እዩ። 2016 ላይ በሕግ ወሰኑት። በተመረጡ ዋርዶች ቀን ቀን በአማካይ ለአንድ ነርስ ከአራት ታካሚ በላይ፣ ማታ ከሰባት በላይ አይሆንም። 27 ሆስፒታሎችን ሕጉ ካልነካቸው 28 ጋር አወዳደሯቸው። ሕጉ በገባባቸው ሰው ቶሎ ወደ ቤቱ ሄደ፣ ተመልሶ የሚተኛውም አልጨመረም፤ በሌሎቹ ግን ጨመረ። ከዚያ የተረፈው ገንዘብ ለተጨማሪ ነርሶች ከወጣው እጥፍ በላይ ሆነ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እኛ እንደ ክዊንስላንድ አራት አንልም። እኔ ባለፈው ሳምንት ናይት ስገባ 22 ታካሚ ነው የተረከብኩት። ከ22 እንጀምር ነው የምለው።

እስከዚያው ድረስ ግን እጃችን ላይ ስላለው ላውራ። አንዱ ጥርስ ነው። አዎ፣ ጥርስ። 2023 ላይ የ15 ጥናቶች ውጤት አንድ ላይ ተጨምቆ ሲታይ፣ ጥርሳቸው በየቀኑ በብሩሽ የሚቦረሽላቸው የተኙ ታካሚዎች ሆስፒታል ውስጥ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀነሰ። በተለይ በማሽን የሚተነፍሱት። በቀን ሁለቴ በቂ ነው፣ ከዚያ በላይ የተለየ ጥቅም አልታየም። አፍ ውስጥ ያለው ጀርም ነው ወደ ሳንባ የሚወርደው። የማንረሳው ምንድነው? ቢፒ፣ ሙቀት፣ መርፌ። የምንረሳው? አፍ። ከጎኑ ግን አስታማሚ ቁጭ ብሏል፣ እህት ወይም ልጅ፣ ምን ልርዳ እያለ። ካስተማርነው በደስታ ያደርገዋል። ጥናቱ ያየው ብሩሽ ነው። ከገጠር ለመጡት ታካሚዎቻችን መፋቂያስ? ይሄ ጥያቄ የኛ ነው። ፈረንጅ አያጠናልንም። ከእናንተ አንዷ የማስተርስ ጽሑፏን በዚህ ብትሰራ እንዴት ደስ ባለኝ።

ሌላው ያልተሰራ ሥራ ነው። ቢያትሪስ ካሊሽ የምትባል የሚሺጋን ነርስ 2006 ላይ ነርሶችን ሰብስባ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀች። "ምን ሳትሰሩ ነው ወደ ቤታችሁ የምትሄዱት?" መልሱ እኔ ዋርድ ውስጥ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ታካሚ ማገላበጥ። ደግፎ ማራመድ። በሰዓቱ መመገብ። ማጠብ። የገባና የወጣ ፈሳሽ መመዝገብ። ወደ ቤት ሲሄድ ምን እንደሚያደርግ ማስረዳት። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማጽናናት። ይሄ ሁሉ ሲቀር የሚጮህ የለም። መርፌ ከቀረ ሐኪሙ ይጠይቃል፣ ያልተገላበጠውን ማን ይጠይቃል? ከአስር ቀን በኋላ ወገቡ ላይ ቁስል ሆኖ ይወጣል።

እኛ የሰራነውን ነው የምንጽፈው። ያልሰራነው የትም አይጻፍም፤ ስለዚህ "ሰው ይጨመርልን" ስንል ማስረጃ የለንም፣ እንደ ቅሬታ ነው የሚሰማው። ኤይከንም የተሰማችው ቁጥር ስለያዘች ነው።

ስለዚህ ከማትሮናችን፣ ከነርሶች ኃላፊያችን፣ ጋር ተነጋግረን አንድ ነገር እንጀምራለን። በሦስት ዋርድ፣ ለአንድ ወር። በርክክብ ሰዓት፣ ካርዶቹ ሳይዘጉ፣ እያንዳንዷ ነርስ ሦስት ነገር ትጽፋለች፦ ስንት ታካሚ ነበረኝ፣ ምን ሳልሰራ ቀረ፣ ለምን። የነርስ ስም አይጻፍም። ማንም በዚህ አይጠየቅም፤ ሥራ አስኪያጁ ይህንን ትናንት በቃላቸው ነግረውኛል፣ ዛሬም በናንተ ፊት እንዲደግሙት ጠይቄያቸዋለሁ። ወሩ ሲያልቅ ቁጥሩን እኛው እንደምረዋለን፣ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ እናነበዋለን።

ደብተሮቹን ገዝቻለሁ። ሽፋናቸው ሰማያዊ ነው፣ የርክክብ ጠረጴዛው ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ዛሬ ማታ ናይት የምትገቡት ናችሁ የምትጀምሩት። እስክሪብቶውንም በክር አስሬበታለሁ።