አፕል ፔንስል መሳቢያ ውስጥ ቆይቶ ለምን ይሞታል?

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የምናወራው አይፓድ ስክሪን ላይ ስለሚጻፍበት፣ ቻርጅ ስለሚደረግ ብዕር ነው። በ2015 ከአይፓድ ፕሮ ጋር የወጣውን የመጀመሪያውን አፕል ፔንስል እዩት።

[ብዕሩ በቅርብ ይታያል፤ የኋላ ክዳኑ ይነቀላል]

ክዳኗ ስትነቀል ላይትኒንግ የሚባለው የአፕል ቻርጅ መሰኪያ ብቅ ይላል። አይፓዱ ላይ ሰክታችሁ 15 ሴኮንድ ብትጠብቁ 30 ደቂቃ ያጽፋችኋል። ግሩም እቃ ነው፣ በጣም ነው የምወደው። ግን አንድ ዓመት መሳቢያ ውስጥ ከርሞ ሲወጣ? ትሰኩታላችሁ፣ ዝም። ትነቅሉታላችሁ፣ ደግማችሁ ትሰካላችሁ፣ አሁንም ዝም።

"አልተጠቀምኩበትም እኮ! ምን ነካው?" ትላላችሁ። ስላልተጠቀማችሁበት ነዋ!

እሳት ማዳፈን ታውቃላችሁ አይደል? ማታ ወጡ ከተሠራ በኋላ ፍሙ ይሰበሰብና አመድ ይለብሳል። ጠዋት አመዱ ሲገለጥ ፍም አለ። ጭራሮ ጣል ተደርጎ እፍ እፍ ሲባል ይቀጣጠላል፤ ክብሪት ምን ይሠራል? አሁን ልብ በሉልኝ። የተዳፈነ እሳት ማንም ባይሞቀውም፣ ማንም ባያበስልበትም እያለቀ ነው። ቀስ ብሎ፣ ግን እያለቀ ነው። ትልቅ ግንድ ከተዳፈነ ያድራል። አውራ ጣት የምታክል ፍም ግን እኩለ ሌሊት ሳይደርስ አመድ ሆናለች። የብዕሩ ባትሪ ያቺ ትንሿ ፍም ናት። 0.329 ዋት ሰዓት ብቻ! የአይፎን 6ኤስ ባትሪ ከሚይዘው ከ20 አንድ እጅ ነው። ስልኩ ግንዱ፣ ብዕሩ ፍሟ።

ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም። የደከመች ፍም በኃይል ከተነፋች ትበተናለች። ቀስ ብሎ ነው እፍ የሚባለው። ቻርጅ የሚያደርገው ሰርኪዩትም እንደዚሁ ነው፤ ባትሪው በጣም ከወረደ መጀመሪያ በትንሽ ከረንት ይሞክረዋል። ስለዚህ በአንድ ደቂቃ ተስፋ አትቁረጡ። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተሰክቶ ይቆይ። ከዚያ ከብሉቱዝ ዝርዝሩ ላይ አጥፉትና እንደገና አገናኙት። ፍሙ ጭራሽ ጠፍቶ ከሆነ ግን አመዱን እፍ ማለት ዐይን ማጥፋት ነው።

ውስጡን ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ። የብዕሩ ባትሪ ሊቲየም ነው፤ ሊቲየም ባትሪ ማንም ሳይነካው በራሱ ይወርዳል። ብዕሩ ደግሞ ማጥፊያ የለውም፣ ሰርኪዩቱ ትንሽ ትንሽ ይወስዳል። ቮልቴጁ በጣም ሲወርድ የባትሪው መከላከያ ሰርኪዩት ይዘጋዋል፤ ባትሪው ራሱ ግን መውረዱን አያቆምም። ከዚያ አኖዱ፣ ማለትም የባትሪው ኔጌቲቭ ወገን፣ የተቀባበት ስስ የመዳብ ቅጠል መሟሟት ይጀምራል። ቆይቶ ቻርጅ ሲደረግ ያ መዳብ ሌላ ቦታ ይለጠፍና ውስጥ ለውስጥ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። "አልቀበልም" የሚለው ሰርኪዩት ከቃጠሎ እየጠበቃችሁ ነው። አልቋል። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አሁን አድርጉ፣ እንቀጥል።

ኮሜንት ላይ ደጋግሞ የሚመጣ ነገር አለ፤ ሳልመልስ አላልፍም። "ባትሪ ሙልጭ ተደርጎ አልቆ ቢቀመጥ ይሻላል።" አይሻልም! ይህ ምክር ኒኬል ካድሚየም የሚባለው የድሮ ባትሪ ዘመን ምክር ነው። ያ ባትሪ ባዶውን መቀመጥ ይችላል፣ "ሜሞሪ" የሚባለው ጣጣም፣ ሳያልቅ ደጋግሞ ቻርጅ ሲደረግ የሚይዘው የሚቀንስ የሚመስለው፣ የእሱ ነው። ሊቲየም ያ ጣጣ የለበትም። ባዶውን ማስቀመጥ ማለት በጠፋች ፍም ላይ አመድ መከመር ማለት ነው። ሌላው ደግሞ "እንግዲያው 100 ሞልቼው ላስቀምጥ" ይላል። እሱም አይደለም፤ ሞልቶ ሙቀት ውስጥ የተቀመጠ ባትሪ ቶሎ ያረጃል። አፕል ራሱ የሚመክረው ግማሽ አካባቢ ቻርጅ አድርጎ ከ32 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ከ6 ወር በላይ ከቆየ በየ6 ወሩ አውጥቶ ወደ ግማሽ መመለስ። ከሁለቱ ስህተት ግን የከፋው ዜሮ ነው። መቶው ያስረጃል፣ ዜሮው ይገድላል።

የ2018ቱ ሁለተኛው ትውልድ አይፓዱ ጎን ላይ በማግኔት ተለጥፎ ቻርጅ ስለሚያደርግ ይሻላል። አይፓዱም አብሮ መሳቢያ ከገባ ግን ያው ነው። እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ መንገድ መኖሩ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የሳምሰንግ ስልክ የጋላክሲ ኖት 9 ብዕር በባትሪ ፈንታ ሱፐርካፓሲተር አለው፤ ቶሎ ሞልቶ ቶሎ የሚያልቅ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ነው። በ40 ሴኮንድ ሞልቶ 30 ደቂቃ ይሠራል። ያም ስልኩን ከሩቅ ለሚያዘው የብሉቱዝ ቁልፉ ብቻ ነው፤ መጻፉን ባዶውንም ይጽፋል! አፕል ፔንስል ግን ባትሪው ሲሞት ይዞት ይሞታል፤ ሳይሰበር ተከፍቶ አይቀየርም። ይህን ያህል ውድ እቃ እንዲህ መሠራት አልነበረበትም።

ስለዚህ አንድ ሰው "ካርቶኑ አልተከፈተም፣ አዲስ ነው" ብሎ የመጀመሪያውን ትውልድ ሊሸጥላችሁ ሲመጣ አትቸኩሉ። ባትሪው ካርቶን ውስጥም ሆኖ ሲወርድ ከርሟል። አስከፍቱት፣ አይፓድ ላይ ሰኩት፣ የአይፓዱ ስክሪን ላይ ባትሪ በሚያሳየው ትንሽ ሳጥን (ዊጄት) ላይ ፐርሰንቱ ሲጨምር በዐይናችሁ እዩ። ከዚያ ነቅላችሁ ትንሽ ጻፉበት። ብሩን ከዚያ በኋላ ስጡ።