የማን ድንጋይ ነው?

ይሰማል? ... እሺ። ሽው የሚለው ቬንትሌተሩ ነው። አላጠፋውም፣ ድሬ ነን፣ ደግሞ አትጻፉልኝ።

ዛሬ እንግዳ የለም። እኔ፣ ማይኩ እና ድንጋዩ ነን። አዎ፣ ድንጋይ። ባለፈው «ቁልቢ ደርሰን መጣን፣ አሪፍ ነበር» ብዬ ያለፍኩት እሱን ላለማንሳት ነው።

ፕላኑ የጓደኛዬ የ«ቆጣሪው» ነበር። ታውቁታላችሁ፣ ሳምቡሳ እንኳ ቆጥሮ ነው የሚበላው። ታኅሣሥ 17 ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ከድሬ መነሳት፣ የደንገጎን ዳገት በሌሊት መጨረስ፣ ከርሳ ላይ ማረፍ፣ 18 ማታ ቁልቢ፣ በማግስቱ ንግሥ። ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ውሃ ለቋጠረ እግር መርፌ፣ ሁሉም ተጽፏል። ብርዱ ብቻ አልተጻፈም። አቦ! እኔ ሹራብ የምለው ለካ ደንገጎ ላይ ቲሸርት ነው። አዲሱ ጫማዬም ተረከዜን ልጦት፣ ቀሪውን መንገድ ካልሲ ላይ ነጠላ ጫማ አድርጌ ነው የጨረስኩት። ፎቶውን አይታችኋል፣ እንለፈው።

ቁልቢ ገባን። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚያስወጣው ዳገት መተላለፊያ የለም። ጥላ የያዘ አለ፣ ጧፍ የያዘ አለ፣ ልጅ ያዘለ አለ፣ ድንጋይ የተሸከመ አለ። እኔ ባዶ እጄን ነኝ። የተሳለችው እማ ናት፤ ጉልበቷ እምቢ ስላላት እግሯ እኔ ነኝ።

አንዲት እናት ከፊቴ ቆሙ። «የኔ ልጅ፣ እስቲ ይቺን ያዝልኝ፣ ነጠላዬን ላጥብቅ።» ተቀበልኳቸው። ይሞቃል! በዚያ ብርድ፣ ጀርባቸው ላይ ስለቆየ፣ ድንጋዩ እንደ ዳቦ ይሞቃል። ጎኑ ላይ የሰም ጠብታ አለ፤ ይኸው፣ አሁንም አለ።

ከዚያ ከኋላ ግፊያ መጣ፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ወሰደኝ። ቀና ስል የሉም።

ጠበቅኳቸው። ለእማ «ግማሽ ሰዓት» ነው ያልኳት። ቆጣሪው 4 ደቂቃ ነው ይላል። ጠርቻቸዋለሁ ግን፣ ወላሂ። ስማቸውን አላውቅ፣ «እናቴ!» ብዬ ስጮህ የዳገቱ ሴት ሁሉ ዞረ። እሳቸው ከዞሩት መሀል ቢኖሩስ? ፊታቸውን በደንብ አላየሁትም እኮ። ያየሁት እጃቸውንና ድንጋዩን ነው።

ደግሞ ልንገራችሁ፣ ተናድጃለሁ። የእማን ስለት ተሸክሜ እዚያ ድረስ መጥቼ የሰው ይጨመርብኝ? ሆን ብለው ቢሆንስ? ... አይ። ነጠላቸውን ነበር የሚያጠብቁት።

ግቢው ውስጥ ሰው ድንጋዩን እያወረደ ይሳለማል። እኔም አወርደዋለሁ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ባወርደው የማን ሊባል ነው? የሳቸው? የእማ? ቀና አልኩ።

ራስ መኮንን ቁልቢን ያሠሩት ለዐድዋ ድል ምስጋና ነው፣ የ1888ቱን ማለቴ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1898፣ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ታመው እዚያው ቁልቢ አረፉ። ይሄ ነገር ሁሌ ይገርመኛል፤ ምስጋናህን ያቆምክበት ቦታ ላይ... ምን ልል ነበር? ጠፋብኝ።

ስንመለስ የሚኒባሱ ረዳት «ድሬ ድንጋይ አልቆ ነው?» አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ደንገጎን ስንወርድ ግን ጭኔ ላይ አቀፍኩት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

እማ «ስለቴን አደረስክልኝ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። የራሷን ነው የጠየቀችኝ፣ ስለዚህ ውሸት አይደለም። አይደለም አይደል?

የሐምሌው 19 ይመጣል። ቆጣሪው ዝርዝር ጀምሯል፣ ዘንድሮ ሹራብ አለበት። ይዤው ልውጣ ይሆን? ባገኛቸውስ ምን ብዬ... ትናንት ማታ እማ በሩ በነፋስ እንዳይዘጋ በዚህ ልትደግፈው አነሳችው። «ተይው!» ብዬ ጮህኩባት። እጇ ላይ እንዳለ አየችኝ። «ምንህ ነው?» አለችኝ።

እ... እኔ እንጃ። «ከባድ ነው፣ አስቀምጪው» አልኳት።