ከደቻቱ አሸዋ እስከ ሙኒክ ውኃ

ክቡራን እናቶችና አባቶች፣ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ጀልባ ቀዛፊ ነኝ ስል ድሬዳዋ ውስጥ ያገኘሁት ሰው ሁሉ «ውኃው የት አለና?» ይለኛል። እውነት ነው፤ ወንዛችን ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ይሻገርበታል። ውኃው የመጣበትን ሌሊት ግን እዚህ ያላችሁ ታላላቆቻችን አትረሱትም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ከ250 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደብን። እኔ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እናቴ በጨለማ አዝላኝ ወደ ከፍታው ሮጣ ነው የተረፍነው። ከዚያ ወዲህ ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ጫማዋን አልጋዋ ሥር አስተካክላ ነበር የምትተኛው።

በ13 ዓመቴ ወደ ጀርመን፣ ሃምቡርግ ሄድን። አንዲት የክፍሌ ልጅ አልስተር ሐይቅ ላይ ወደሚለማመድ የታዳጊዎች ክበብ ወሰደችኝ። አሠልጣኛችን መጀመሪያ የጠየቁኝ ዋና መቻሌን ነው። አልችልም ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ዕድሜያቸው የእኔን ግማሽ ከሆነ ሕፃናት ጋር ገንዳ ውስጥ ከረምኩ። እናቴ ግን ሐይቁ ዳር አልደርስም አለች፤ ዓመታት አልፈው እንኳ አልደረሰችም።

አንድ ሰው የሚቀዝፋት የውድድር ጀልባ 14 ኪሎ ገደማ ብትመዝን ነው። ርዝመቷ ስምንት ሜትር ያህል ይሆናል፤ ወርዷ ግን ከተቀመጠ ሰው ዳሌ ብዙም አይሰፋም። ሁለቱን መቅዘፊያዎች ለቅቃችሁ አንድ ጊዜ ዘንበል ካላችሁ ትገለበጣለች። ወንበሩ በሁለት ቀጫጭን ሀዲዶች ላይ ይንሸራተታል፤ የባቡር ከተማ ልጅ ነኝና ሀዲዱን ሳይ ልቤ ሞቀ። ሰው ቀዘፋን የክንድ ሥራ ያደርገዋል እንጂ ትልቁ ኃይል የሚመጣው ከእግር ነው። ከሁሉም የከበደኝ ጀርባን ለመድረሻው ሰጥቶ መሄዱ ነበር። የሚታያችሁ ትታችሁት የመጣችሁት ብቻ ነው።

ከክበብ ውድድር ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ሀገር አቀፍ እያልኩ በ18 ዓመቴ ሙኒክ ላይ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የታዳጊዎች ውድድር ተሰለፍኩ። ቦታው እ.ኤ.አ. ለ1972ቱ ኦሊምፒክ የተሠራ ነው፤ ርቀቱ 2,000 ሜትር። የመጨረሻው 500 ሜትር ላይ ጭኔ እሳት ሆነ፣ ጆሮዬ ከትንፋሼ በቀር ምንም አይሰማም። ከስድስት ቀዛፊዎች አራተኛ ወጣሁ። መሥመሩን ካለፍኩ በኋላ ነው ዳር ላይ ያለውን ሰው ያየሁት። እናቴ መጥታለች። ቁጢጥ ብላ እጇን እስከ አንጓዋ ውኃው ውስጥ ነክራ ነበር።

ሴቶች በኦሊምፒክ መቅዘፍ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1976 ሞንትሪያል ላይ ነው። በዚያው ዓመት የድሬዳዋ ስታዲየም የአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታዎችን አስተናግዷል። እንዲህ ያለ ታሪክ ባለው ከተማ ልጅን «ይህ የእኛ ስፖርት አይደለም» ማለት አይገባም።

ወላጆች፣ አንድ ልመና አለኝ። ከትናንት በስቲያ ዳገቱን ወጥቼ ሐረማያን አየሁት፤ ደርቆ የነበረው ሐይቅ ውኃ ይዟል። ልጆቻችሁ እዚያ ጀልባ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ዋና ይማሩ። ሴቶቹም ጭምር። ጎርፍ ያየ ሰው ልጁን ከውኃ ማራቁ ይገባኛል፣ እኔም በዚያ ፍርሃት አድጌያለሁ፤ መዋኘት የማይችል ልጅ ግን ጎርፍ ሲመጣ ምን ይዞ ይቆማል?

ክበቤ ለትምህርት ቤታችሁ አንድ የቀዘፋ መለማመጃ ማሽን ልኳል። ከአዳራሹ በስተኋላ ቆሟል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ እጀታውን ስትስቡ ማራገቢያው አየር እየገፋ ይሽከረከራል፣ በሳባችሁት መጠንም ይከብዳችኋል። እስኪመሽ እዚያው ነኝ። እናቴም አለች፤ የእግር ማሰሪያውን የምታጠብቅላችሁ እርሷ ናት።