መጀመሪያ ዳኛው ይስማው

እንደምን አመሻችሁ! ሥራ ውላችሁ፣ ታክሲ ተሰልፋችሁ፣ እዚህ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ድረስ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ከዚህ ወደ ላይ ብትወጡ አራት ኪሎ ፓርላማው አለ። ወደ ሜክሲኮ ብትሄዱ የፌዴራል ፖሊስ፣ አለፍ ስትሉ ደግሞ ልደታ ፍርድ ቤቱ። የጥብቅና ዕድሜዬ ያለቀው በነዚህ መካከል ስመላለስ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ሦስቱ ስለሚገናኙበት ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ልመረጥ ብሎ ተነሳ። ፖሊስ ደግሞ በወንጀል ጠረጠረው። ምን ይደረግ?

ዕጩ ስለሆነ አይመርመር የሚል ካለ አልስማማም። ዕጩነት መሸሸጊያ ከሆነ ነገ ሌባው ሁሉ ፓርቲ ያቋቁማል። ይመርመር። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ፖሊስ መግለጫ የሚሰጥበት ማይክሮፎን ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ ነበረኝ። መምህር ነው፤ ለምርጫ ሊወዳደር ተመዝግቧል። ማታ በዜና «በቁጥጥር ሥር ዋለ» ተባለ። ድምፁ የሱን ስም ሲጠራ ምስሉ የጦር መሣሪያ ያሳያል፤ ከየት እንደመጣ እስከዛሬ አላውቅም። ጠዋት ችሎት ቀረበ። መርማሪው ፋይሉን ገልጦ «ምስክር ይቀረናል፣ የቴክኒክ ማስረጃ ከሚመለከተው ክፍል አልደረሰንም፣ 14 ቀን ይፈቀድልን» አለ። ልብ በሉልኝ። ማታ ለአገር ሁሉ ያለቀ የደቀቀ ነገር ተነገረ። ጠዋት ለዳኛዋ ሲሆን ገና ያልተጀመረ ሆነ።

እናቱ ከኋላ አግዳሚው ላይ ስንቁን በፌስታል ይዘው ተቀምጠዋል። 14 ቀን ተፈቀደ። ከዚያ ሌላ 14። ከዚያ ሌላ። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በአንቀጽ 59 አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም ይላል፤ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን ገደብ አላስቀመጠም። በመጨረሻ በቂ ማስረጃ አልተገኘም ተብሎ ተለቀቀ። ምርጫው አልፏል። እናቱ በሩ ላይ ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ይኼንንስ በዜና ይናገሩታል?» አሉኝ። አልተናገሩትም።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንኳ እስኪፈረድበት እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። ያ መምህር ክስም አልነበረበትም።

ይኼ የኛ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካን እዩ። የፌዴራል ምርመራ ቢሮው የኤፍቢአይ ዳይሬክተር ጄምስ ኮሚ ሐምሌ ላይ ጋዜጠኛ ሰብስቦ ለፕሬዚዳንትነት የምትወዳደረው ሂላሪ ክሊንተን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳለች በኢሜይል አያያዟ እጅግ ግድየለሽ ነበረች አለ። ወዲያው ደግሞ ክስ አያስፈልግም አለ። የማትከሰስ ከሆነ ታዲያ በአደባባይ የተወቀሰችው ለምንድን ነው? የት ፍርድ ቤት ሄዳ መልስ ትስጥ? ይባስ ብሎ ኦክቶበር 28 ቀን፣ ምርጫው 11 ቀን ሲቀረው፣ ሌሎች ኢሜይሎች ተገኝተዋል የሚል ደብዳቤ ለኮንግረሱ ላከ። እዚያው ደብዳቤ ላይ ኢሜይሎቹ ይጠቅሙ አይጠቅሙ ገና እንዳልታወቀ ጽፏል! ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው አቋማችን አልተለወጠም ብሎ ሌላ ደብዳቤ ጻፈ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል?

በዚያው ሰሞን ኤፍቢአይ ሌላ ፋይልም ነበረው። የተፎካካሪዋ የዶናልድ ትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ሰዎች ከሩሲያ ጋር ያላቸውን ግንኙነት ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ እየመረመረ ነበር። ስለዚህኛው ምርመራ ኮሚ በይፋ የተናገረው ምርጫው ካለፈ በኋላ፣ በማርች 2017 ነው። የአንዷ ፋይል በአደባባይ፣ የሌላው በመሳቢያ። ዝምታው ልክ ነበር፤ ልክነቱ ግን ለሁለቱም መሆን ነበረበት።

የትራምፕ ደጋፊዎችም ባዶ ቅሬታ አልነበራቸውም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የውስጥ ተቆጣጣሪ፣ ዋና ኢንስፔክተሩ፣ በ2019 ባወጣው ሪፖርት ምርመራውን ለመክፈት በቂ ምክንያት ነበር አለ። ግን የአንድ የቀድሞ የዘመቻው አማካሪን ስልክና መልእክት ለመጥለፍ ለፍርድ ቤት በቀረቡት ማመልከቻዎች ውስጥ 17 ከባድ ስህተቶችና ግድፈቶች አገኘ። አንድ የኤፍቢአይ ጠበቃ ኢሜይል ቀይሮ በመጻፉ ጥፋተኛነቱን አምኗል። ይኼ ሊታወቅ የቻለው ወረቀቱ ዳኛ ፊት የቀረበ በመሆኑ ነው። ፋይል ይመረመራል። መግለጫን ማን ይመረምራል?

ወደ ቤታችን ልመለስ። በ2013ቱ ምርጫ እስክንድር ነጋና ሌሎች የባልደራስ ፓርቲ ሰዎች እስር ቤት ሆነው ዕጩ እንሁን አሉ። ምርጫ ቦርድ አልመዘግብም አለ፤ ክርክሩ የመጨረሻ ውሳኔ የሚሰጠው ሰበር ችሎት ደረሰ፤ ሰበር ግንቦት ላይ መመዝገብ ይችላሉ ብሎ ወሰነ። እስክንድር ቅስቀሳ ሳያደርግ ተወዳደረ። የታሰሩበት ክስስ? ታኅሣሥ 2014 ተቋረጠ። የተባለው እውነት ነበር ወይስ አልነበረም? ፍርድ አልተሰጠበትም። የሚጠሉትም የሚወዱትም እኩል መልስ አጡ። ፓርቲውን ደግፉ አትደግፉ፣ ይኼ ሊቆጨን ይገባል።

አያቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ውሃ ይቆማል» ይሉ ነበር። አንድ ባላገር መንገድ ላይ ይኼን ቃል ብሎ ባለጉልበቱን ያቆም ነበር። ዳኛው ጋ እስኪደርሱ ሁለቱም እኩል ናቸው። እኔ የምጠይቀው ይኼንኑ ነው።

ደንቡ አሁን ይጻፍ፤ ማን እንደሚጠረጠር ማናችንም ሳናውቅ። ፖሊስ ስለ አንድ ዕጩ የሚናገረው ችሎት ላይ ያቀረበውን ያህል ብቻ ይሁን፤ አንድ ቃል አይጨምር። ምርጫው ሲቃረብ መግለጫ የግድ ከሆነ ማን እንደፈቀደው በጽሑፍ ይቀመጥ። ሰውየው ነፃ ሲወጣ ደግሞ እስሩ በተነገረበት ሰዓት፣ በዚያው ጣቢያ፣ መለቀቁም ይነገር። ለገዢው ፓርቲ ዕጩም፣ ለተቃዋሚውም፣ ለግል ተወዳዳሪውም አንድ ዓይነት።

ጋዜጠኞች፣ አያችኋለሁ፣ ከኋላ ተቀምጣችኋል። «ተያዘ» ብላችሁ የጻፋችሁበትን ሰው ስም ማስታወሻችሁ ላይ አስቀሩት። በየ14 ቀኑ ደውላችሁ ምን ደረሰ በሉ። ጀማሪ ጠበቆች ደግሞ ከደንበኛችሁ ችሎት በፊት የማታውን ዜና ቅዱ፤ መርማሪው ከተናገረው ጋር አስተያዩና ልዩነቱን መዝገብ ላይ አስጽፉ። ዳኛው ባይቀበላችሁም ጥያቄያችሁ ይጻፍ። እኔ ያኔ ለዚያ መምህር ይኼን አላደረግኩም፤ ማድረግ ነበረብኝ።

ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ፤ ማይክሮፎኑ ይዞርላችኋል። አመሰግናለሁ።