ሳይሰበር የሞተ ስልክ

ሰላም ወዳጆች፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ከፊቴ ጠረጴዛ ላይ አንድ ስልክ ተቀምጧል። ስክሪኑ ላይ አንድም ጭረት የለም። ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይቆያል። ካሜራውም ምንም አልሆነ። ግን ሞቷል። የሚሞትበት ቀን ከመጀመሪያውም ተጽፎ ነበር። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎግል ዓይን ሸሽቼ ገመናዬን የሚጠብቅልኝ ስርዓተ ክወና ልጭን አስቤ ያገለገለ ስልክ ገዛሁ። ግራፊን ኦኤስን ነበር የፈለግኩት። ሰው ያገለገለ ስልክ ሲገዛ ምን ያያል? ጭረት ያያል፣ ባትሪ ይጠይቃል፣ ሜሞሪው ስንት እንደሆነ ያረጋግጣል። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ለካ ስልክ የሚኖረው አምራቹ ቀዳዳ የሚደፍን የደኅንነት አፕዴት እስከላከለት ድረስ ነው። ያ ዕድሜ ደግሞ የሚቆጠረው እኔ ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ አይደለም። ሞዴሉ ገበያ ላይ ከዋለበት ቀን ጀምሮ ነው። እኔ አዲስ ስልክ ያዝኩ ብዬ ስደሰት የእሱ ቀን እያለቀ ነበር።

ታዲያ አምራቹ ቢተወው ምን ቸገረኝ፣ የራሴን ስርዓት ጭኜበት የለ እንዴ? እኔም እንዲህ ነበር የማስበው። ችግሩ እኛ የምንጭነው ስርዓት ሁሉንም ነገር አይነካም። ከሥሩ ፈርምዌር አለ። ሞደሙን፣ ዋይፋዩን፣ ብሉቱዙን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ፈርምዌሩ የአምራቹ ፊርማ ከሌለበት ስልኩ አይቀበለውም። ስለዚህ አምራቹ እጁን ያነሳ ቀን፣ ጎበዝ ፕሮግራመሮች ከላይ የቱንም ያህል ቢለፉ፣ ከሥር የተገኘ ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀራል። መሠረቱ ለሸሸ ቤት ጣራ መቀየር ማለት ነው።

ሁለተኛውን ስገዛ ግን ቀን ቆጣሪ ሆንኩላችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። የጎግሉ ስልክ ፒክስል 6 በኦክቶበር 2021 ወጣ፣ የ5 ዓመት የደኅንነት አፕዴት ተገባለት። ስለዚህ እስከ ኦክቶበር 2026 ነው። ከፒክስል 8 ጀምሮ ቃሉ ወደ 7 ዓመት አደገ። ፒክስል 8 የወጣው በኦክቶበር 2023 ስለሆነ እስከ ኦክቶበር 2030 ይሄዳል። ደስ ያለኝ ቀጣዩ ነው። ፒክስል 8ኤ፣ ረከስ ያለው ታናሽ ወንድሙ፣ በሜይ 2024 ነው የወጣው። እስከ ሜይ 2031 ማለት ነው። ዋናው ቺፕ ያው ነው። ታናሹ በርካሽ ተገዝቶ ከታላቁ 7 ወር ይበልጥ ይኖራል። እሱን ያዝኩ።

ከ8 በታች ላለመውረድ ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ቺፑ ላይ ሜሞሪ ታጊንግ የሚባል ነገር መጣ። የሜሞሪው ክፍሎች ምልክት ይለጠፍባቸዋል። አንድ ፕሮግራም የማይገጥም ምልክት ይዞ ሊነካቸው ሲሞክር እዚያው ይያዛል። ብዙ ከባድ የስልክ ጠለፋ የሚጀምረው ከሜሞሪ ስህተት ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሳቀብኝ። «ከጎግል ልትሸሽ የጎግልን ስልክ ትገዛለህ? በጅብ ቆዳ የተሠራ ከበሮ ድምፁ እንብላው እንብላው ነው» አለኝ። አባባሏ ጥሩ ናት፣ እኔም ስቄያለሁ። መልሱ ግን ቡትሎደሩ ላይ ነው፣ ስልኩ ሲበራ ስርዓቱን የሚያስነሳው ፕሮግራም ላይ። ብዙ አምራቾች ጨርሶ አይከፍቱትም። የሚከፍቱትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ሌላ ስርዓት ከጫናችሁ በኋላ መልሳችሁ እንድትቆልፉት አይፈቅዱም። ሳይቆለፍ የቀረ ስልክ እጁ የገባ ሰው ስርዓቱን ነካክቶ ሊመልስላችሁ ይችላል፣ እናንተም አታውቁም። ፒክስል ግን በአዲሱ ስርዓት ቁልፍ መልሶ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በተነሳ ቁጥር የተነካካ ነገር እንዳለ ያጣራል። ግራፊን ኦኤስ ፒክስል ላይ የሙጥኝ ብሎ የኖረው በዚህ ነው።

ልቤ ፌርፎን ከሚባለው ስልክ ጋር ነበር፣ አልደብቃችሁም። ፌርፎን 5 በ2023 ሲወጣ እስከ 2031 ድረስ አፕዴት ተገብቶለታል። ባትሪውን ያለምንም መሣሪያ በእጃችሁ ታወጡታላችሁ። እንዲህ ያለ ስልክ እወዳለሁ። ግን ግራፊን ኦኤስ አይሠራበትም፣ እኔ ደግሞ የተነሳሁት ለእሱ ነው። ስለዚህ ባትሪዬን መንከባከብ ግድ ሆነ። ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም አድርጌዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አናደደኝ፣ አሁን ረስቼዋለሁ።

አንድ የተበላሁበትን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። በመሃል ሌላ ያገለገለ ፒክስል ገዝቼ ነበር። ሻጩ «ክፍት ነው» ብሎኛል። እውነቱን ነው፣ የትኛውንም ሲም ይቀበላል። ግን ስልኩን የሸጠው አንድ የቴሌኮም ድርጅት ስለነበር ቡትሎደሩ ድርግም ብሎ ተዘግቷል። ሲም መቀበልና ቡትሎደር መከፈት ለየብቻ መሆናቸውን ያወቅኩት ያኔ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ስልኩን ኢንተርኔት ላይ አገናኙት። ሴቲንግ ውስጥ ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ንኩ። የዴቨሎፐር አማራጮች ይከፈታሉ። እዚያ ቡትሎደሩ እንዲከፈት የሚፈቅደው፣ ኦኢኤም አንሎኪንግ የሚለው ደብዝዞ አልነካ ካላችሁ፣ አመስግናችሁ ሂዱ።

የባንክ አፕስ? አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ ጎግል ያላጸደቀው ስርዓት ነው ብሎ ያባርራችኋል። የራሳችሁን አፕ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የ8ኤዬ ሽፋን ውስጥ ትንሽ ወረቀት አለች። «ሜይ 2031» ትላለች። ይህ ከፊቴ ያለው ደግሞ ሲም የለውም፣ ዋይፋዩም ጠፍቷል። ማይክሮፎኑ ግን ጎበዝ ነው። አሁን የምትሰሙትን ድምፅ የቀዳው እሱ ነው።