95ኛው ሰው

የተከበራችሁ የደሴ የንባብ ወዳጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንዲት እንግሊዛዊት ደራሲ ነው። ኤዲት ፓርጌተር ትባላለች። አንባቢ በብዛት የሚያውቃት ግን ኤሊስ ፒተርስ በሚለው የብዕር ስሟ ነው። ታሪካዊ ልቦለድ ጽፋለች። የወንጀል ምርመራ ልቦለድም ጽፋለች። ዕድሜዋ ከ60 ካለፈ በኋላ ደግሞ ሁለቱን አጋብታ ስሟን የተከለችበትን ሥራ ሠራች።

ደሴ ላይ ተቀምጠን ስለ ፈረንጅ ደራሲ ማውራታችን ለምንድን ነው የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። እኔን የያዘኝ ከመጽሐፎቿ በአንዱ ያለ ትዕይንት ነው። እሱን ላስቀድም።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1138 ነው። ንጉሥ ስቲፈንና የአጎቱ ልጅ ሞድ በእንግሊዝ ዙፋን ይዋጋሉ። ንጉሡ ሽሩስበሪ የምትባል ከተማን ከቦ ግንቧን ሰበረ። የተማረኩትን ተከላካዮችም ስቀሏቸው ብሎ አዘዘ። እስከዚህ ያለው በታሪክ የሆነ ነው። ልቦለዱ ከዚህ ይነሳል። በከተማዋ ገዳም የሚኖር ካድፌል የሚባል መነኩሴ ሬሳዎቹን ገንዞ ለማስቀበር ይሄዳል። የተሰቀሉት 94 ናቸው ተብሏል። በረድፍ ያስተኛቸዋል። ይቆጥራል። 95 ይሆኑበታል። እንደገና ይቆጥራል። ያው 95። ጎንበስ ብሎ አንገታቸውን አንድ በአንድ ያያል። አንዱ ወጣት ላይ ያለው ሰንበር የመስቀያ ገመድ አይደለም። ከኋላው በቀጭን ሲባጎ ታንቆ ነው የሞተው። ገዳዩ ሬሳውን ከሬሳ መሃል ጣለው። በዚህ ሁሉ ሟች መሃል ማን ይቆጥራል ብሎ።

ካድፌል ቆጠረ። ሌላው ሁሉ፣ በጦርነት መሃል አንድ ሰው ቢጨመር ምን ለውጥ ያመጣል ባለበት ሰዓት፣ እሱ የዚህን ልጅ ስምና ገዳዩን ካላወቅሁ አላርፍም አለ።

ይህን ሳነብ ያሰብኩት ስለ ወሎ ነው። እኛ ወሎዬዎች በቁጥር የተወራልን ሕዝብ ነን። የ1966ቱ ረሃብ ሲነሳ የሚነሳው ቁጥር ነው። የ1977ቱም እንደዚያው። ኮረም ላይ የተቀረጸው ፊልም ዓለምን አስለቅሷል። በዚያ ፊልም ከታዩት የስንቶቹ ስም ተነገረ? በ2014 ጦርነቱ እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስም ስንቱ ሰው በጅምላ ተወራ። አንድ እናት ግን በሺህ ልጅ አታለቅስም። የምታለቅሰው በልጇ ነው።

የወንጀል ልቦለድ ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። የዚህ ዓይነት ልቦለድ ሕጉ ጥብቅ ነው። አንድ ሰው ሞቷል። ማን ነበር? ማን ገደለው? ለምን? እነዚህ ሳይመለሱ መጽሐፉ አይዘጋም። በጅምላ ለተቀበረ ሕዝብ ከዚህ የሚበልጥ የአጻጻፍ ስልት አላውቅም።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ልምጣ። ኤዲት የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1913 ሽሮፕሻየር በሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ፣ ሆርስሄይ በምትባል መንደር ነው። ከዌልስ ጠረፍ ብዙም አይርቅም። ዩኒቨርሲቲ አልገባችም። ትምህርቷን ስትጨርስ ዶውሊ በምትባል ትንሽ ከተማ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች። ቀን መድኃኒት ትቀምማለች፤ በትርፍ ጊዜዋ ትጽፋለች። የመጀመሪያ ልቦለዷ በ1936 ወጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይሉ የሴቶች ክፍል አገልግላ በ1944 ሜዳሊያ አገኘች። ከጦርነቱ በኋላ ቼኮዝሎቫኪያን አይታ ሰዉን ወደደች። ቋንቋቸውን ራሷን በራሷ አስተማረችና ከደርዘን በላይ መጻሕፍት ወደ እንግሊዝኛ መለሰች። የብዕር ስሟንም ከወንድሟ ከኤሊስና ከቼክ ወዳጆቿ ልጅ ከፔትራ ወሰደች። በ1963 የአሜሪካ የምሥጢር ጸሐፊዎች ማኅበር የኤድጋር ሽልማትን ሸለማት። ትዳር አልያዘችም። ከወንድሟ ጋር ኖረች። በ1995 በ82 ዓመቷ ያረፈችውም እዚያው ሽሮፕሻየር ነው።

የካድፌል የመጀመሪያ መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ሲያልቅ 20 ልቦለዶች ሆኑ። የመድኃኒት ቤቱ ሥራ ሳይባክን ገጹ ላይ ገባ። ካድፌል የገዳሙ መድኃኒት አዋቂ ነው። ከጓሮው ዕፅ ይለቅማል፣ ያደርቃል፣ ያፈላል። በአንዱ መጽሐፍ ለቁርጥማት የሚታሽ ቅባት ይሠራል። ቆዳ ላይ ሲታሽ ሕመም ያስታግሳል። ከተዋጠ ግን ይገድላል። ያ ቅባት ከአንድ ሰው ምግብ ውስጥ ገባ። ሰውየው ሞተ። ካድፌል ምርመራውን የሚጀምረው ራሱ በሠራው መድኃኒት ነው። ይህን መጻፍ የሚችለው መጠን በሚዛን ሲሰፍር የኖረ ሰው ነው።

ስለ ካድፌል ሌላም ነገር አለ። ወሎዬ ሁሉ ልብ ብሎ ይስማኝ። ካድፌል የዌልስ ሰው ነው፤ የሚኖረው ከእንግሊዞች ጋር ነው። ከመመንኮሱ በፊት ወታደርና መርከበኛ ነበር። ከመስቀል ጦረኞች ጋር ወደ ምሥራቅ ዘመተ። እዚያም አንጾኪያ ውስጥ ማርያም የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ወደደ። መውለዷን ሳያውቅ ተለያዩ። ልጁን ያገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ መነኩሴ ሆኖ ሳለ ነው። የዕፅ ዕውቀቱንም የቀሰመው በምሥራቅ ነው። አንድ ቤት ውስጥ መሐመድና ገብረ ማርያም ወንድማማች ሆነው ለሚያድጉበት አገር ይህ ሰው እንግዳ አይደለም።

ሽሩስበሪና ገዳሟ ካርታ ላይ ያሉ፣ የኤዲት አውራጃ የሽሮፕሻየር ናቸው። ኤዲት ከሩቅ አገር ታሪክ አልለመነችም። የመጀመሪያው የካድፌል መጽሐፍ መነሻ እንኳ በታሪክ የተመዘገበ ነው። የገዳሙ ሹም ሮበርት እ.ኤ.አ. በ1138 ገደማ የቅድስት ዊኒፍሬድን ዐፅም ከዌልስ አምጥቷል። ታሪኩንም ራሱ ጽፎታል። እሷ ያንን አንብባ፣ ሲያመጡት የመንደሩ ሰው ምን አለ ብላ ጠየቀች። ልቦለዱ ከዚያ ጥያቄ ወጣ።

ይህን ሲሰማ ግሸን ትዝ የማይለው አለ? ግማደ መስቀሉ ወደዚያ አምባ የወጣበት ታሪክ በየዓመቱ መስከረም 21 ይነገራል። ያው አምባ የነገሥታት ልጆች ለዙፋን እንዳያሰጉ ተዘግተው የኖሩበትም ነው። ዙሪያው ገደል። እዚያ ውስጥ አንድ ልዑል ሞቶ ቢያድር፣ ገዳዩ ከአምባው አልወጣም። ከዚህ የበለጠ የምርመራ ልቦለድ መድረክ የት ይገኛል?

ሐይቅ እስጢፋኖስ ደግሞ ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ገዳም ነው። የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል እስከ ዛሬ አለ። በውስጡ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሯል። እንግዲህ ከዝርዝሩ አንድ መጽሐፍ ጠፋ እንበል። ያው ቀን አንድ ደቀ መዝሙር ከሐይቁ ዳር ሞቶ ተገኘ። የገዳሙ አለቃ ደግሞ ዐቃቤ ሰዓት ነው፤ ለንጉሡ ቅርብ ሰው። ምርመራውን ማን ይደፍራል?

መርማሪ ከየት ይምጣ እንዳትሉኝ። ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ አገሬው አንድ ላይ የሚቀመጥበት አውጫጭኝ ነበረን። ሌባሻይ ነበረን፤ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ሌባ የሚያሳድድበት። ካድፌል ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቀው ልጁ የጠጣውን ምን እንደሆነ ነው። አበጋሮቻችንም አሉን። ደም የፈሰሰበትን ወገንና ያፈሰሰውን አስታርቀው ደም ያደርቃሉ። ካድፌልም አንድ ገዳይ እጁ ከገባ በኋላ ለሕግ አሳልፎ አልሰጠውም። ዕድሜ ልክህን መልካም እየሠራህ ካስ ብሎ ለቀቀው። ይህን ፍርድ የሚቃወም አንባቢ ብዙ ነው። እኔም ሙሉ በሙሉ አልተቀበልኩትም፤ የሟች ወገን አልተጠየቀም። በእኛ አበጋር ፊት ቢሆን ሳይጠየቅ አይቀርም ነበር። አንድ ወሎዬ ይህን ክርክር በልቦለድ ቢጽፈው ብዬ እመኛለሁ።

መንገዱ አልተጠረገም ማለትም አንችልም። የዋጉ ተወላጅ ደራሲ ማሞ ውድነህ የስለላንና የምርመራን ታሪክ በአማርኛ ያስለመዱን ሰው ናቸው። የሳቸውን መጽሐፍ በጋቢ ተጠቅልሎ በኩራዝ ያነበበ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ አይጠፋም። ታሪክም ጽፈዋል። እሳቸው ያስለመዱትን አንባቢ ይዘን፣ ወሬውን ከካይሮና ከአውሮፓ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ቦሩ ሜዳ፣ ወደ ሰገሌ ዘማቾች ቤት ማምጣት የእኛ ፈንታ ነው።

ለወጣቶቹ አንድ ነገር ልጨምር። ኤዲት የምትታወቅበትን ሥራ የጀመረችው ሌላው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ ነው። እናንተ ግን አትጠብቁ። አያቶቻችሁ አሁን አሉ። በ1966 ከየት ተነስተው የት እንደደረሱ፣ ማን መንገድ ላይ እንደቀረ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ቡና ሲፈላ ጠይቋቸው። ከመካከላችሁ ለመጻፍ ያሰበ ካለ የሟቹን ስም፣ ቀበሌውንና ዘመኑን በአንድ ገጽ ጽፎ ያምጣልኝ። ቁጭ ብዬ አነባለሁ፤ አብረን እንቀጥላለን።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።